ቀይ ጫፉ ወደ በሩ

አባቴ የምረቃዬን ድንኳን ያስመዘገበው እኔ ኮርሱን ገና ሳላልፍ ነው። የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ እሱ ራሱ ስለሆነ ማስመዝገብ ማለት ደብተሩን ገልጦ፣ በገዛ እጁ፣ «በጳጉሜን፣ አንድ ድንኳን፣ አርባ አግዳሚ፣ ለልጄ ደስታ» ብሎ መጻፍ ነበር። እናቴ በትከሻው በኩል አየችና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችው።

እሱ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ምን በሰማይ አለች? ላሟ ይችውና ሻይ ስትጠጣ!» አላት።

ሻዩ ትን አለኝ። ላሟ ወተት እንደሌላት በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አዲስ አበባ፣ ወሰን አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ማስተርሴን የተማርኩት ግን በክረምት በክረምት፣ ኮተቤ ነው። የክረምት ተማሪ ማለት ዓመቱን ሙሉ «ዝም በሉ!» ሲል የከረመ አስተማሪ፣ ሐምሌ ሲገባ ራሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ማለት ነው። ያ ክረምት የመጨረሻዬ ነበር። አንድ ኮርስ ቀርቶኛል፤ ከኮርሱም የቀረኝ ክፍሉ ፊት ቆሜ አንድ ርዕስ ማስረዳት ብቻ ነው። ርዕሱ በእጣ ይወጣል። ለጓደኞቼ ባትሪ ደረሳቸው፣ ዝገት ደረሳቸው። እኔ ወረቀቴን ስገልጥ «ቀሪ ኢንትሮፒ እና ማይክሮስቴት» ይላል። ድሮም እጣ አይቀናኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች ግን የውጩን መልክ ሳይለውጡ በብዙ መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ አደራደር አንድ ማይክሮስቴት ይባላል። መንገዱ በበዛ ቁጥር ኢንትሮፒው ይበዛል። ነገሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሞለኪውሎቹ እየሰከኑ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ከእሱ በታች ሌላ ብርድ በሌለበት በመጨረሻው ብርድ፣ ፍጹም ዜሮ በምንለው ላይ፣ ሁሉም መስመሩን ይዞ አንድ አደራደር ብቻ ይቀራል፤ ኢንትሮፒውም ዜሮ ይሆናል። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስጽፌያለሁ። አንዳንድ ነገር ግን እዚያም ደርሶ ዜሮ አይሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አንዱ ነው፤ እንደተዘበራረቀ ይረጋል። ያ አልወጣ ያለው ትርፍ ነው ቀሪ ኢንትሮፒ የሚባለው።

የመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ሞለኪውሉ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ካርቦን፣ አንዱ ኦክስጅን። ጫፎቹ በጣም ስለሚቀራረቡ በየትኛው በኩል እንደዞረ ግድ የለውም። ለእያንዳንዱ ሁለት ምርጫ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ሎጋሪዝም ተወስዶ በጋዝ ቋሚ ቁጥር ሲባዛ አምስት ነጥብ ሰባት ገደማ ይመጣል። ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ሁለት ጊዜ አስምሬበት፣ ጠመኔዬን አራግፌ ዞርኩ።

መምህራችን ከብዙዎቻችን በእድሜ የሚያንስ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ሁላችንንም «እርስዎ» ይለናል። የእሱ «እርስዎ» ከሌላ ሰው ስድብ ይበልጥ ያስደነግጣል።

«ሒሳቡ አምስት ነጥብ ሰባት አለ» አለኝ። «ተለክቶ የተገኘው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። የጎደለው የት ሄደ?»

«የመለኪያው ስህተት ይሆናላ» አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ከልቤ ነበር። ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ሚዛን ባዶውን ሲሆን እንኳ የሆነ ነገር ይመዝናል፤ እኛም መልስ ካልገጠመ ሚዛኑን መውቀስ ለምዶብናል።

«መለኪያው ላይ አያላክኩ» አለ መምህሩ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ። «ሌላ አሥራ አምስት ቀን እሰጥዎታለሁ። ካልሆነ ለሚቀጥለው ክረምት እንተያያለን።»

የሚቀጥለው ክረምት ማለት ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ዳር ቆሜ ማጨብጨብ ማለት ነው። አባቴም ደብተሩ ላይ የጻፈውን በገዛ እጁ ይሰርዛል። ከታክሲው ወርጄ የየካን ዳገት በዝናብ ስወጣ ለሞለኪውሉም ለመምህሩም ስድብ አላተረፍኩላቸውም። እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ዳገትና ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ባሰብኝ። ቤት ስገባ አባቴ «እንዴት ነበር?» አለኝ። «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቀረኝ» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

በዚያው ሳምንት፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ከእኛ በላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ እድሜ ጠግበው፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይተው አረፉ። ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ፤ አግዳሚዎቹም ወጡ።

ስለ አግዳሚዎቹ ልናገር። አርባ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ርዝመት ያላቸው የእንጨት ወንበሮች። አባቴ የእያንዳንዱን አንድ ጫፍ በቀይ ቀለም ቀብቶታል፤ ሌላው ጫፍ ያልተቀባ ነጭ እንጨት ነው። መጋዘኑ ከግቢያችን ጎን ያለ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ስፋቱ ከአግዳሚው ርዝመት ስለሚያንስ አግዳሚው የሚገባው በቁመቱ፣ በጫፉ ነው። አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ጣሪያ ጥግ ይደርሳል። የአባቴ ሕግ አንድ ናት፦ ቀይ ጫፉ ወደ በሩ። ምክንያት አለው። ጎረቤት እድሮች ለቅሶ ሲበዛ አግዳሚ ይዋዋሳሉ፤ ቀዩ ወደ በሩ ከሆነ በሩን ከፍቶ ባንድ እይታ የእኛ ሙሉ መሆኑን ያውቃል። ከገባ በኋላ ግን አይዞርም። ለማዞር ሁሉንም ማውጣት ያስፈልጋል፤ ማን አባቱ ያወጣዋል?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀዩና ነጩ ተቀላቅሎ መታየት ጀምሮ ነበር። በእድሩ ስብሰባ ላይ «ንብረት ያዣችን ደክመዋል፣ ቁልፉ ለጎልማሳ ይሰጥ» ያሉ ሰዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። አባቴ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አልተነፈሰም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደክሟል ብዬ አስቤ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ባንድ እጄ ንፍሮ፣ በሌላው ደብተር። ዓይኔ አግዳሚዎቹ ላይ ነው። አንዱ ቀይ ጫፉን ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ ግድግዳው አድርጓል፤ የተቀመጠበት ሰው ግድ የለውም። ከመንገድ ለሚያየው አንድ ድንኳን ነው። በውስጡ ግን አግዳሚዎቹ በስንት መንገድ ሊዞሩ ይችላሉ? አንዱ በሁለት። ሁለቱ በአራት። ሦስቱ በስምንት። አሥሩ አንድ ሺህ ሃያ አራት። አርባው ስንት እንደሆነ ሳሰላ ከአንድ ትሪሊዮን በላይ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አባቴ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው። ደንግጬ እንደገና አባዛሁት። ከዚያ ጫፎቹን በጣቴ እየጠቆምኩ መቁጠርና ደብተሬ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ።

አጠገቤ ያሉ ሴትዮ ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ እኔን ጽፈሽኛል? ትናንትም መጥቼ ነበር እኮ።»

አልገባኝም። ሴትዮዋ ስማቸውን እስከነአባታቸው ነገሩኝና እስክጽፍ ድረስ ደብተሬን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብለው፣ «እኔንም። ባለቤቴንም ጨምሪልኝ፣ መንገድ ላይ ናት» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እድር ለቅሶ የቀረ አባል ይቀጣል፤ የንብረት ያዡ ልጅ ደብተር ይዛ፣ በጣቷ እየጠቆመች ስትቆጥር የታየች እንደሆነ የቀሪ ተቆጣጣሪ እንጂ ሌላ ምን ልትሆን ነው? በለቅሶ ቤት «ማይክሮስቴት እየቆጠርኩ ነው» አይባልም። ጻፍኳቸው። ተራው እስኪያልቅ አሥራ ሰባት ሰው መዘገብኩ።

የእድሩ ጸሐፊ በኋላ የእሱን መዝገብ ከእኔ ጋር ሲያመሳክር አልገጥም አለው። በእኔ ደብተር ያለች አንዲት ሴት በእሱ ደብተር የለችም። መንገድ ላይ የነበሩት ባለቤት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ናቸው። ሁለት ሰው አንድን ነገር ቆጥሮ ሳይገጥም ሲቀር ሁልጊዜ መለኪያው ተሳስቶ እንዳልሆነ፣ ልዩነቱ ራሱ የሚናገረው ነገር እንዳለው መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ከእንጦጦ በኩል ደመናው ጠቁሮ መጣ፤ ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የሰፈሩ ጎልማሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ አግዳሚውን ይዘው ወደ መጋዘኑ ይሮጣሉ። አባቴ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አጥልቆ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ከቤታችን ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጠልዬ አየዋለሁ። ቀዩ ከፊት ሆኖ ሲመጣ «ቆይ፣ ቆይ!» ይልና ያስቆማቸዋል፤ ጫፉን ይይዛል፤ አብሮ ያዞራል። እሱ አንዱን ሲያዞር ከኋላው ሌላው ሾልኮ ይገባል። ቀና ሲል ገብቷል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ተነባብሯል። እጁን ያወናጭፍና ወደሚቀጥለው ይዞራል። አንዱን ያዞራል፣ አንዱ ያመልጠዋል። አንድ ጊዜ ወገቡን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ ማንም እንዳላየው ዙሪያውን ቃኝቶ ቀጠለ።

እኔ ግን አይቻለሁ። 

ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ በሩ ላይ ቆጠርኩ። ማንም ግድ ሳይኖረው የተወረወረ ቢሆን ኖሮ ሃያው ቀይ፣ ሃያው ነጭ በሆነ፤ ይህ ነበር የእኔ አምስት ነጥብ ሰባት። ቀዩ ግን ሠላሳ ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ። በተሳሳተ በኩል ከመጡት ሃያዎቹ አሥሩን አዙሯቸዋል። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ወገብ፣ ብቻውን። እድሩ «ተዘበራረቀ» የሚለው የቀሩትን አሥር ነጮች አይቶ ነው፤ የተዞሩትን አሥሩን ማንም አይቆጥራቸውም።

እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ደንግጦ ወጣ። «ምነው? ጎደለ እንዴ?»

«አልጎደለም! የጎደለውን አገኘሁት!»

«ካልጎደለ ታዲያ ምኑን አገኘሽው?» አለና ራሱን እየነቀነቀ ገባ።

በአሥራ አምስቱ ቀን መጨረሻ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ መጋዘን ሣልኩ፤ በር ሣልኩ፤ በሩ ላይ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ሣልኩ። ጓደኞቼ ያሾፋሉ፤ አንዱ «የማን ሠርግ ነው?» አለኝ። ቀጠልኩ። ድንኳን ውስጥ ያለ አግዳሚ ሙቀት እንዳለው ሞለኪውል ነው፤ ይነሳል፣ ይዞራል። መጋዘን መግባት መቀዝቀዝ ነው፤ ከገባ በኋላ ቢፈልግም መዞር አይችልም፤ የያዘውን አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ቀሪ ኢንትሮፒ ያ ነው።

«የጎደለውስ?» አለ መምህሩ።

«መምህር፣ ባለፈው ሞለኪውሉ ግድ የለውም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጥቂት ግድ አለው። አንዱ አቅጣጫ ከሌላው በትንሹ ይመቸዋል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ ጨርሶ ሳይረጋ በፊት፣ የተወሰኑት ወደሚመቻቸው ይዞራሉ፤ የቀሩት ጊዜ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ዝብርቅርቁ ሙሉ አይደለም። ከሙሉው ያነሰ የሚለካው ለዚህ ነው።»

ከዚያ የአባቴን ሠላሳ ከአርባ አስልቼ አራት ነጥብ ሰባት ገደማ እንደሚመጣ አሳየሁ። ከተለካው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ እያየሁ ልቤ ቅቤ ጠጥቷል።

መምህሩ ግን ፈገግ አለ። «አርባ አግዳሚ ክሪስታል አይሆንም። ቁጥሩ የተቀራረበው በአጋጣሚ ነው።»

«አውቃለሁ።» አላውቅም ነበር፤ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነው ያልኩት።

«ይሁን። ግን አሥሩ በአጋጣሚ ሳይሆን በምርጫ መዞራቸውን በምን ያውቃሉ?»

«አባቴን አውቀዋለሁ» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቁ ሲበርድ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ዜሮ እንዲደርስ ምን ያስፈልገዋል?»

«በጣም ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ» አልኩ። «ወይም በሩ ላይ ሁለተኛ ሰው።»

አለፍኩ።

ጳጉሜን ላይ ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። እናቴ ጾሙን የካሰች እስኪመስል ድረስ ዶሮ አቀረበች፤ «ወተቷን አየናት» እያለች ለመጣው ሁሉ የላሟን ወሬ አወራች። ያልገባው ሰው ሁሉ ላም ገዛችሁ እንዴ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ሳስረዳ ዋልኩ።

ማምሻውን እቃ ሲመለስ አባቴን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና «ዛሬ አንተ አትነሳም፤ በሩ የእኔ ነው» አልኩት። የክረምት ጓደኞቼ አግዳሚ ተሸከሙ። ሁሉም ኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን ያውቃሉ። ቢሆንም እንደማንኛውም ሰው እየተሳሳቁ ይሮጣሉ። «ቆይ! ቆይ!» እላለሁ። አንዱን ይዤ ስታገል ሁለት ያልፈኛል። የአግዳሚው ክብደት እጄን ሊነቅለው ደረሰ፤ ጣቴ በእንጨቱና በበሩ መሃል ተቀረቀረ፤ ያልሰደብኩት ሰው የለም። ግማሽ ግድም ሲገባ ዘወር ብዬ አየሁት። ከታች እስከ መሃል ቀይ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ። አባቴ ግማሹን ያስተካክል ነበር፤ እኔ ከሩቡም ያለፍኩ አልመሰለኝም።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አባቴ መጥቶ ከበሩ ማዶ፣ ከእኔ ትይዩ ቆመ። የሚመጣውን አግዳሚ ገና ከሩቅ እያየ «ይሄ ደህና ነው፣ ልቀቂው፤ ያንን ያዢ!» ይለኛል። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን። ከዚያ በኋላ አንድም አላመለጠንም።

አልቆ ስናይ ክምሩ ከታች ዝብርቅርቅ፣ ከመሃል ወዲያ እስከ ጣሪያው ድረስ ቀይ በቀይ ነበር። አባቴ ከወንበሩ የተነሳው የትኛው አግዳሚ ላይ እንደሆነ ማንም መጥቶ ሊያሳይ ይችላል። እሱም ከታች ጀምሮ በዓይኑ እየቆጠረ ወጣ። የእኔ ነጮች ላይ ሲደርስ ቅንድቡን አነሳ። ስንት ዓመት በዚህ በር ላይ ብቻውን እንደቆመ አሰብኩ።

«አባዬ፣ ነገ አውጥተን ደግመን እንደርድረው?» አልኩት።

«ይቆይ» አለ። «የእድሩ ሰዎች መጥተው ይዩት።» በሩን ስቦ ቆለፈ፤ ቁልፉን ሊሰጠኝ የፈለገ ይመስል እጁን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው። «አንቺ ማስተርስሽን ያዢ። ይሄ ገና እኔ ጋ ይቆያል።»